ጨረር ከነምራቂው

የደሴ ሰው ስለ ቆቦ የሚያውቀው ሙቀቷን ብቻ ነው፤ እሱንም ከሹፌር ሰምቶ። እኔም እስከዚያ ጥቅምት ድረስ ከወልድያ ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አንሶ፣ ለቤት ውስጥ ሥራ ግን በዝቶ ስላስቸገረ፣ ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የዓይን ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራዬ መቁጠር ነበር። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ከአፍንጫ በኩል ተነስቶ ወደ ዓይን ብሌን የሚሳብ ሥጋ አለ። ፀሐይና አቧራ የሚበረታበት አገር ይወደዋል። ዶክተር ምትኩ ይቆርጡታል፤ ሥጋው ግን እንደ ሰርዶ ነው፣ ሥሩ ካልደረቀ ተመልሶ ይበቅላል። የሚያደርቀው ጨረር ነው። ጣት የምታህል ዘንግ አለች፤ ጫፏ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የመሰለ ክብ ብረት አለ፣ ጨረሩም የሚወጣው ከዚያ ነው። ዶክተሩ ያቺን ቁልፍ የተቆረጠው ቦታ ላይ ያሳርፋሉ፣ እኔ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ሰከንድ እቆጥራለሁ፣ ሲሞላ «በቃ» እላለሁ፣ ያነሳሉ። ካነሰ ሥጋው ይመለሳል። ከበዛ የዓይኑ ነጭ ይሳሳና አንድ ቀን እንዳረጀ ነጠላ ይቀደዳል።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ጨረር እንደ በርበሬ ነው፤ በቆየ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ዶክተሩ በየዓመቱ ቁጭ ብለው ያሰሉና ሰከንድ ይጨምራሉ። ያን ዓመት አርባ ደርሰን ነበር።

ሰኞ

ከደሴ ስንነሳ የጦሳ ተራራ ጉም መኪናችን ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ጋሽ አበራ ነው። ዶክተሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ የጨረሯ የእርሳስ ሣጥን ደግሞ በእግሮቼ መሐል። ሣጥኗ እንጀራ እንኳ አትይዝም፤ ክብደቷ ግን የበግ ነው። ሐይቅ ላይ ጋቢዬን፣ ውጫሌ ላይ ሹራቤን፣ መርሳ ላይ ካልሲዬን አወለቅኩ። ጎብዬ ስንደርስ በክብር የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም።

ጎብዬ ላይ ጋሽ አበራ ጥንቅሽ ገዛ። ሻጯ እስሩን ካቀበለችው በኋላ ሦስት አገዳ ወረወረችለት። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ምራቂ ነዋ። አገርሽ ምራቂ የለም?»

አለ እንጂ። ደሴ ላይም ገዢ «መርቂልኝ» ይላል፣ ሻጭም ፊቷን አጥቁራ ሦስት ፍሬ ሽንብራ ጣል ታደርጋለች። እዚህ ግን ማንም ሳይለምን፣ ከዋናው የማይተናነስ ነው የሚጨመረው። ጋሽ አበራ አገዳውን እየላጠ፣ «ራያ ላይ ምራቂ ያልሰጠ ሰው ልጁን አይድርም» አለኝ። ያጋነነ መሰለኝ።

ሮቢትን አልፈን ቆቦ መግቢያ ኬላ ላይ አንድ አሥር አለቃ አስቆመን። ታደሰ ይባላል፤ ስሙን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሣጥኗ ላይ የተሳለውን ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት አየና፣ «ቬንትሌተር ነው?» አለ።

«መድኃኒት ነው» አሉ ዶክተሩ።

ሊያነሳት ሞከረና ወገቡን ያዘ። «መድኃኒት እንዲህ አይከብድም። ክፈቱት።»

ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። «ራስህ ክፈተው» አልኩት። «ስትታወር ደግሞ እኛው እናክምሃለን፣ ለዚያው ነው የመጣነው።»

ዶክተሩ ሳሉ። አሥር አለቃው ሸሚዙን አስተካክሎ፣ «ጓዲት፣ ከሣጥኑ ይልቅ ምላስሽ ፍተሻ ያስፈልገዋል» አለኝና ግራር ሥር አስቀመጠን። የበላዩ ምሳውን በልቶ እስኪመጣ ላባችንን ስንጠርግ፣ እሱ ክንዱ ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት በእጀታው ይወለውላል፤ ያያል፤ ደግሞ ይወለውላል። በመጨረሻ የበላዩ መጣ፤ የሚያሳክከው ዓይኑ ላይ ጠብታ ጠብ ተደረገለትና አለፍን።

ያረፍነው እትዬ ዘሀራ ቤት ነው። ቆቦ ላይ ቤት ማለት ዕቃ የሚቀመጥበት ነው፤ ሰውማ የሚተኛው ግቢ ውስጥ፣ ጠፍር አልጋ ላይ ነው። ደሴ ላይ እንዲህ ብተኛ ጠዋት በቃሬዛ ነበር የምነሳው። እትዬ ዘሀራ የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረበችና ፊታችን ቆማ ጠበቀችን። «ብዪ እንጂ። ደሴ ምግብ ጠፋ እንዴ? አንገትሽ የዶሮ ነው የሚመስል።»

«ጠገብኩ፣ እትዬ።»

«ወላሂ አልጠገብሽም። ይህችን ለምራቂ።»

ለምራቂ የተባለችው ከመጀመሪያው ትበልጥ ነበር።

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያው በር ላይ ከወፍ ጋር የተነሱ ሰዎች ይጠብቁን ነበር። ከዋጃ በእግሩ የመጣ አለ፤ ግመሉን አጥሩ ላይ አስሮ የመጣም አለ። ከሁሉም ፊት የተቀመጠው አያ እንድሪስ ነው፣ የቆቦ እህል ገበያ ሰፋሪ። ጤፍ የሚሸጥም የሚገዛም እሱ ፊት ይመጣል፣ እሱ በቁና ይሰፍራል፣ የቁናውን አፍ በክንዱ ይልጋል፣ ሁለቱም ወገን ይስማማሉ። ግራ ዓይኑን ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ወስዶበታል። ቀኙ ላይ ያ ሥጋ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ በቅሏል፣ አሁን ብሌኑ ጠርዝ ላይ ደርሷል።

ሚስቱ ፋጤ፣ «ባለፈው ገበያ የጎደለ ቁና ልኩ ነው ብሎ ለገዢ ሰጠ። ሰዉ አፍሮ ዝም አለው» አለችን።

«ዝም በይ» አላት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሮ፣ «ዘንድሮ ካልዳንኩ ቁናውን ለሌላ ሰው አስረክባለሁ። ያለ ቁና ምንም አላውቅም» አለ።

ዶክተሩ እያንዳንዱን ነገር አስረዱት። ዛሬ ይቆረጣል፤ ከዚያ ዛሬ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ጨረር፣ በየቀኑ አርባ ሰከንድ።

«አርባ» አለ አያ እንድሪስ። «ምራቂውስ?»

«የለውም» አልኩት።

«ምራቂ የሌለው ስፍር ስርቆት ነው፣ ልጄ።»

«ጨረር ነው እንጂ ጤፍ አይደለም፣ አያ እንድሪስ።»

«የሚሰፈር ነገር ሁሉ አንድ ነው» አለ፣ እንዳዘነልኝ ሆኖ።

ዶክተሩ ረፋዱ ላይ ቆረጡለት፤ ሥራው አማረ። ከሰዓት ለጨረሩ የማቆሚያ ሰዓቴን ላመጣ ወደ ማረፊያችን ሄድኩ። ሰዓቱ በነጩ ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ጋዎኔ ደግሞ ሚስማር ላይ። ሚስማሩ ባዶውን ነው። ጋዎኔን ያገኘሁት ግቢ ውስጥ፣ ገመድ ላይ፣ ከበረዶ ነጥቶ ነው።

እትዬ ዘሀራ በኩራት፣ «የኬላው አቧራ በልቶት ነበር፣ አጠብኩልሽ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ኪሱ ውስጥ የነበረውስ?»

«ምን ነበር? ድንጋዩ ላይ ስመታው የሆነ ነገር ተንቋቋ። ቁልፍ መስሎኝ ደጋግሜ መታሁት።»

ሰዓቱን ከሳሙናው ውኃ ውስጥ አወጣነው። ስነቀንቀው እንደ ጽናጽል ይጮኻል። እትዬ ዘሀራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ላለቅስ የነበርኩት እኔ ተውኩትና እሷን ማጽናናት ጀመርኩ። «አብሽሪ፣ እትዬ። ጋዎኑ ግን ነጥቷል።»

የዶክተሩ የእጅ ሰዓት ቄንጠኛ ስለሆነ የሰከንድ ዘንግ የለውም። የጋሽ አበራ ከሞተ ቆይቷል፣ ክንዱ ላይ ያለው ለሞገስ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰዓት የሰከንድ ዘንጉ ወልቆ መስታወቱ ሥር እንደ ሞተ ትንኝ ተጋድሟል። «በግምት ልቁጠር» ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኳቸው። «አንቺ ስትናደጂ ትፈጥኛለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተቆረጠው ዓይን ደግሞ አይጠብቅም፤ ዛሬ ጨረር ካላገኘ ሥጋው ዛሬውኑ መንገዱን ይጀምራል።

እትዬ ዘሀራ ነች ያስታወሰችው። «የኬላው ወታደር ሰዓት አለው እኮ። ሁልጊዜ ሲወለውል ነው የማየው።»

ኬላው ድረስ በዚያ ፀሐይ ሄድኩ። አሥር አለቃ ታደሰ ከሩቅ አይቶኝ መወልወል ጀመረ።

«ሰዓትህን ለመዋስ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ታውሬ ሳልመጣ ቀደምሽኝ?»

«አንድ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ነው። ያለችውም አንዷ ናት።»

መወልወሉን ተወ። «ሰዓቱ ያለ እኔ አይሄድም» አለ፤ «እኔም ያለ ፈቃድ አልሄድም።» ከዚያ ገብቶ ፈቃድ ጠይቆ መጣ።

እንዲህ ሆኖ፣ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ አያ እንድሪስ ራስጌ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሰልፍ እንደሚያሰማራ ሰው ከአንድ እስከ አርባ ጠራ። ዶክተሩ ዘንጓን በሰዓቱ አነሱ። አያ እንድሪስ «ጨረሳችሁ?» አለ፤ ፊቱ ላይ የተጭበረበረ ሰው ቅሬታ ነበረበት።

ረቡዕ

ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ከሰዓት አያ እንድሪስ ተኛ፣ ፋጤ እግሩ ሥር ተቀመጠች፣ አሥር አለቃው ራስጌው ቆመ፣ ዶክተሩ ቁልፏን አሳረፉ። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። አርባ ላይ «በቃ» ተባለ፣ ዶክተሩም ሊያነሱ ሲሉ አያ እንድሪስ እጃቸውን አንጓው ላይ ጨበጠ። ሠላሳ ዓመት ቁና ያነሳ እጅ ነው። ዘንጓን ዓይኑ ላይ እንዳለች ይዞ አስቀራት።

«ምራቂዋን ሳትጥል አትነሳም» አለ በእርጋታ።

ዶክተሩ ቢመነጭቁ ትላንት የተቆረጠውን ሊቧጥጡት ነው፤ ዝም ቢሉ ጨረሩ ይጨመራል። ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔ ደግሞ ጮኽኩ። አያ እንድሪስም እሱ በፈለገው ሰዓት፣ አንድ ጭብጥ የሞላ ሲመስለው፣ ለቀቀ። «እንዲህ ነው ስፍር» አለ።

ዶክተሩ ዘንጓን ሣጥኗ ውስጥ ከተቱና ወጥተው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ስንት ቆየ?» አሉ።

አሥር አለቃው አንገቱን ደፋ፤ አርባ ካለ በኋላ ሰዓቱን አላየም፣ ያየው ግብግቡን ነው። «ሩብ ሰዓት ይሆናል» አለ። ፋጤ፣ «ዓይን እስኪጨፈን» አለች። አያ እንድሪስ ከውስጥ፣ «አንድ ጭብጥ ናት፣ አትጣሉ» አለ።

እስቲ አስቡት። የወሰደው ተጨማሪ ሦስት ሰከንድ ከሆነ ችግር የለም፣ ነገ አርባውን እንሰጠዋለን። ሃያ ከሆነ ነገ ያንኑ አርባ መስጠት ያቺን አንድ ዓይን ማቅለጥ ነው። ፈርተን ብንተወው ደግሞ ሥጋው ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል። የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሁላችንም ግን እዚያው ነበርን።

ዶክተሩ ብድግ አሉ። «ማንኪያ አምጡ» አሉ። «እንደገና እንጣላለን፣ አሁን በሰዓት።»

ሁሉም በነበረበት ቆመ። አያ እንድሪስ ተኛ፣ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ዶክተሩ የሾርባ ማንኪያ ፋሻው አጠገብ፣ ጉንጩ ላይ አሳረፉ። አሥር አለቃው አሁን ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አይነቅልም። «አርባ፣ በቃ» አለ። አያ እንድሪስ ጨበጠ፣ «ምራቂዋን ሳትጥል አትነሳም» አለ። እኔም የጮኽኩትን ደገምኩ፦ «ልቀቅ፣ አንተ ሰውዬ። ልቀቅ አልኩህ። የገበያ ቁና መሰለህ?»

ለቀቀ። «አምስት ሰከንድ» አለ አሥር አለቃው፤ ከዚያ ቆም ብሎ፣ «ግን ዘላለች» አለ።

«ምን ዘለልኩ?»

«እኔን ያልሽውን።»

«ምን አልኩህ?»

ፋጤ ቁጭ ባለችበት፣ «የሰዓት መስቀያ ብለሽዋል» አለች። «አንተ ደግሞ ምን ተገትረህ ታያለህ፣ አንተ የሰዓት መስቀያ፣ ያዘው እንጂ፤ አልሽው።»

ደሜ ጆሮዬ ላይ ወጣ። ዶክተሩ ግን አልሳቁም። «ተዋበች፣ እያንዳንዷ ስድብ ጨረር ናት» አሉኝ። «አንዷንም እንዳትቆጥቢ።»

እንደገና ተጣላን። የሰዓት መስቀያውን ጨምሬ፣ አሥር አለቃውን ፊት ለፊት እያየሁ ተናገርኩ። እሱም ሰዓቱን እያየ ተሰደበ። «ስምንት» አለ። ፋጤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አሁንም ቀርቷታል። ዶክተሩን ያለቻቸው።»

«እኔ ዶክተሩን ምንም አላልኩም።»

«'ይንከሱት' ብለሻል። 'ዶክተር፣ እጁን ይንከሱት' አልሽ፤ እኔ ራሴ ሊነክሱት ነው ብዬ ተነስቻለሁ።»

ዶክተሩ ለአንድ አፍታ ጣሪያውን አዩ። «ተናገሪው» አሉ።

ሦስተኛውን ጠብ ሳንጨርስ መስኮቱ ላይ የቆቦ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ «እነዚህ የደሴ ሰዎች ደግሞ ሲታረቁ አይታይም» ሲል ሰማሁት። ይሄኛው ጠብ ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። ደግመን ብንጣላም ያው ዘጠኝ። ፋጤም «አሁን ሞላ» አለች።

ዶክተሩ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ አሰሉ። «ጨረር እንደ እህል ተደምሮ ተቀንሶ ልክ አይመጣም» አሉኝ በቀስታ። «ከዚህ የተሻለ ግምት ግን የለኝም። ከአርባው ላይ ዘጠኝ ሲነሳ ሠላሳ አንድ። ለጥንቃቄ ነገ ሠላሳ እንሰጠዋለን።»

ሐሙስ

አያ እንድሪስ ሠላሳ የሚለውን ሲሰማ ከአልጋው ተነሳ። «ፋጤ፣ ጫማዬን። ሰፍሮ የሚቀንስ ሰው ጋ አልቀመጥም።»

ዶክተሩ ስለ ዓይን ነጭ መሳሳት ማስረዳት ጀመሩ። ፋሻው ሥር ሆኖ አይሰማቸውም። ዓይኑ ልትጠፋ ነው፣ በኩራት። ትዕግሥቴ አለቀና፣ «አያ እንድሪስ» አልኩት፤ «አንተ ገበያ ላይ ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የምትመርቀው?»

«አንድ ጊዜ ነዋ።»

«ቁናው ሳይሞላ ምራቂውን ቀድሞ የዘገነ ሰው ቢመጣስ?»

«እንዲህ ያለ ባለጌ እኔ ዘንድ አይመጣም።»

«ትላንት መጥቷል። ዘጠኝ ዘግኖ ሄዷል። ዛሬ የመጣው ለተራፊው ነው።»

 ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ እየቀነሰ ነው። ፋጤ ጫማውን እንደያዘች ቆማለች።

«እንዲያ ከሆነ ሠላሳ አንድ ነው የሚቀረኝ» አለ። «አንዷስ?»

«አንዷ የዶክተሩ ምራቂ ናት።»

መጀመሪያ ሆዱ ነው የሳቀው፣ ከዚያ እሱ። «ይህች ልጅ ገበያ ላይ ብትሆን እፈራታለሁ» አለና ተመልሶ ተኛ። ሁለት እጆቹን ግን ከመቀመጫው ሥር አስገባቸው፤ ፋጤ ደግሞ ለጥንቃቄ በላዩ ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት። አሥር አለቃው እስከ ሠላሳ ጠራ። ማንም ማንንም አልጨበጠም።

ማታ እትዬ ዘሀራ ለአሥር አለቃውም ራት ሠራች። እኔ ራሴ ውኃ አስታጠብኩት፤ ሰዓቱን ግን አላወለቀም።

አርብ

ስንነሳ እትዬ ዘሀራ ጋዎኔን እንደገና አጥባዋለች፤ «ኪሱን አይቻለሁ፣ ባዶ ነው» አለችኝ። አንድ ቋጠሮ ማሽላ፣ አንድ ጠርሙስ ቅቤ፣ በላዩ ደግሞ ስሙን ሳልነግራችሁ የምታውቁት ጭማሪ መኪናው ላይ ጫነች። ኬላው ላይ አሥር አለቃ ታደሰ አስቆመን። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ሣጥኑ ይለፍ» አለ። «ምላሷን ደሴ ድረስ አስራችሁ ውሰዱ።» እጁን ሲያነሳ ሰዓቱ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ።

መርሳ ላይ ካልሲ፣ ውጫሌ ላይ ሹራብ። ጦሳ ጉሙን አጥፎ ሳያስቀምጥ ጠበቀኝ። ቤቴ ገብቼ ለእናቴ አንድ ቀን ሙሉ አወራሁ፤ የሚገርመው፣ የምትጠይቀኝ ስለ ቅቤው ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አያ እንድሪስ ለምርመራ ደሴ መጣ። በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ሰው እዚህ ይኖራል?» አለኝ። ዶክተሩ በመብራት ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እኔ ጀርባቸውን ነበር የማየው። ጀርባቸው ላላ። ቀረብ ብዬ ሳይ ነጩ ነጭ ነው። ሥጋ የለም፣ መሳሳትም የለም፣ እኔንም ከነክፋቴ ያያል። ቁናውም አሁንም የእሱ ነው።

«ምራቂዋ ናት ያዳነችኝ» አለ።

ዶክተሩ መብራቱን አጠፉ። «አላውቅም» አሉኝ ሲወጣ። «ከልቤ ነው፣ አላውቅም።»

አያ እንድሪስ ግን ያውቃል፤ ለገበያውም ነግሯል። ከዚያ ወዲህ ከቆቦ፣ ከዋጃ፣ ከሮቢት የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ገና ሳይተኛ የዶክተሩን እጅ አንጓ እየለካ ያያል። ዘንድሮ በርበሬያችን በአንድ ዓመት ደክሟልና ዶክተሩ ተቀምጠው አስልተው አርባ አንድ ብለውኛል። እኔ እስከ አርባ እቆጥራለሁ። አርባ ብዬ አንዴ ፀጥ እላለሁ፣ በሽተኛው እጁን ሊያነሳ ሲል፣ «ይህችኛዋ ምራቂ» እላለሁ። እጁን ያወርዳል። ዶክተሩም ያነሳሉ።